የድንቡሼ ፉጨት የማን ነው?

ጎረቤቴን አስረበብን አታውቋትም። ባታውቋት ይሻላችኋል። ክፉ ሴት ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ብትሆንማ ምንኛ በተገላገልሁ። ክፉን ሰው ጠልቶ፣ ራትን በልቶ መተኛት ይቻላል። የአስረበብ ጥፋት ሳትለፋ ሁሉ ነገር የሚሆንላት መሆኑ ነው። እኔ ቲማቲም ስተክል ለችግኙ ዳስ ጥዬ፣ ውኃውን በጣሳ ለክቼ፣ ቅጠሉን አንድ ባንድ አብሼ፣ መጨረሻ ላይ የማገኘው ያንኑ ያበስሁትን ቅጠል ነው። እሷ የበሰበሰ ቲማቲም ከአጥር ሥር ወርውራ ትረሳዋለች፤ ከርማ ለሰፈር ታድላለች። የመጀመሪያውን ሳህን ይዛ የምትመጣው ደግሞ ወደ እኔ ነው። "እንች እስቲ ቅመሽ፤ እንዲያው በራሱ በቅሎ ነው" ትለኛለች። በራሱ! ያች ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ጨጓራዬን ስትልጠው እንደኖረች እኔና ጨጓራዬ እናውቃለን።

ይህን አስቀድሜ የነገርኋችሁ፣ የማወጋችሁ የአንዲት ትንሽ እንስሳ የትንፋሽ ሕመም ስለሆነ ነው። አስረበብን ሳታውቁ የድንቡሼን ሕመም ብቻ ብነግራችሁ፣ ሴትዮዋ ለመዳፍ የማትሞላ ፍጥረት ብላ መንደር ማመሷ ምን የሚሉት ነው ትሉኛላችሁ። አሁንም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ግን ሰምታችሁ ጨርሳችሁ በሉኝ።

ድንቡሼን ያመጣችብኝ ሊዲያ ናት። ሊዲያ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል ተከራይታ የነበረች፣ ለሩዝ ጥናት ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጭቃችንን እየረገመች ሩዛችንን የምትወድ ልጅ ናት። ሥራዋ አልቆ የምትመለስ ዕለት ዕቃዋን ባጃጅ ላይ አስጭና ስታበቃ አንድ ካርቶን አቅፋ ወደ እኔ መጣች። "እትዬ፣ ይችን ለእርስዎ ትቻት ልሂድ። እናቴ አይጥ ይዘሽ እቤቴ አትገቢም ብላኛለች" አለችኝ።

ካርቶኑን ገልጬ ባይ፣ እናትየው እውነት አላት። ጥርሱ የአይጥ ነው። ጅራት ግን የለም፤ አንገትም የለም፤ እንዲያው ጠጉር ያበቀለ ሙልሙል ዳቦ ነው። ግማሽ ፊቷ ነጭ፣ ግማሽ ፊቷ ቡናማ፣ ዓይኖቿ ደግሞ አሁን ገና ተቆጥተዋት ልታለቅስ የተዘጋጀች ሙሽራ ዓይኖች። ምን ይሏታል ብዬ ብጠይቅ ጊኒ ፒግ አለችኝ። ትርጉሙስ ብላት የጊኒ አሳማ ማለት ነው ብላ እርፍ። ይህን ትርጉም ለንስሐ አባታችን ለአባ ሞላ ትንፍሽ እንዳትል አስምያት ተለያየን። እኔም በዚያው ዕለት ድንቡሼ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ አሳማነቷም በዚያው ተቀበረ።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ድረስ እንስሳ የምወድ ሰው አልነበርሁም። ላም ለወተቷ፣ ዶሮ ለእንቁላሏ፣ ድመት ለአይጧ ነው። ይች ግን ለምኗ? ከሙልሙልነት በቀር ሙያ የላትም። ነገር ግን የመጨረሻዋ ልጄ ሐሙሲት ከተማ አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ባለቤቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ንግግሩን ሁሉ ገበያ ላይ ይጨርስና ለቤት የሚተርፈው አንድ ቃል ነው። ማታ ሲገባ "አለሽ?" ይላል። አለሁ እለዋለሁ። መኖሬን አረጋግጦ ራዲዮኑን ይከፍታል።

እንግዲህ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ እጄ ገና የበሩን መዝጊያ ሲነካ፣ ከውስጥ "ዊይ! ዊይ! ዊይ!" የሚል ፉጨት ሰማሁ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደመጣ አየሁ። ማንም የለም። በሩን ገፋ አደረግሁት፤ ፉጨቱ ጨመረ። ድንቡሼ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ካርቶኑ ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ወደ እኔ ቀስራ ታፏጫለች። ለእኔ ነው! ዘንቢሌን መሬት ላይ ጥዬው ቀረሁ። ልጆቼ ከሕፃንነታቸው ወዲህ ስገባ እንዲህ የተደሰተልኝ ሰው የለም፤ ያኔም ቢሆን ልጆቼ የሚሮጡት ወደ ዘንቢሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምክንያት እየፈለግሁ መውጣትና መግባት ጀመርሁ። አጥር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ፤ ታፏጫለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ይህን አይቶ ሆዴን ያመመኝ መስሎት የሽንት ቤቱን ፋኖስ አበራልኝ።

ለእንዲህ ያለች ፍጥረት መኝታውን አሳምሬ ማንጠፍ አይገባኝም ትላላችሁ? ያነጠፍሁላት የሩዝ ገለባ ነው። ሌላ ምን ላንጥፍላት? ወረታ ከተማችን አዝመራው ከገባ ወዲያ የሩዝ መፈልፈያው ሁሉ ሲያጓራ ይውላል፤ በየጓሮው የሚተፋው ቅርፊት ተራራ ያህላል። ያንን ገለባ እኛ ዶሮ ሥር እናነጥፈዋለን፣ ከጭቃ አቡክተን ግድግዳ እንመርግበታለን፣ ጡብ እንተኩስበታለን። ብናኙ ሻያችን ላይ ያርፋል፤ ለንግሥ ታጥበን ነጠላችንን ለብሰን ስንወጣ እንኳ ቅንድባችን ነጭ ነው። አቧራ ብለን ግን ጠርተነው አናውቅም። አቧራ ማለት በበጋ መኪና ሲያልፍ ከጎንደር መንገድ የሚነሣው ነው። ከሩዝ የሚነሣው በቃ የአገሩ አየር ነው። አየርን ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ሕመሙ የጀመረው በማስነጠስ ነው። አነጠሰች፤ ይማርሽ አልኋት። ደገመች፤ ደገምሁ። እስከ ምሳ ድረስ እሷ ስታነጥስ እኔ ይማርሽ ስል ዋልን። በማግሥቱ ከደረቷ አንድ ድምፅ ይወጣ ጀመር፤ ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ የደከመ ባጃጅ ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱው ነው። ጎኗ ልክ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሸበሸባል። ፉጨቷም እየቀጠነ ሄዶ "ዊ..." ብላ ትጀምረውና መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ትተወዋለች። በሩን ከፍቼ ገብቼ ያችን የተቆረጠች "ዊ" ስሰማ ልቤ ይቆረጥ ነበር።

መድኃኒት ነው የተባለውን ሁሉ አደረግሁ። ማር በማንኪያ ጫፍ አስላስኋት፤ ማሩን ወደደችው፣ ሕመሙ ግን ማሩን የወደደው አይመስልም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ፣ እሷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ብርድ ልብስ ከላይ ተከናንበን ታጠንን። ባለቤቴ ከውጭ ገብቶ ብርድ ልብሱን እያየ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለ። በዚያ እንፋሎት የእኔ የከረመ ጉንፋን ብን ብሎ ጠፋ፤ ድንቡሼን ግን ባሰባት።

ከዚያ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ወደ ከብት ሐኪሙ ወሰድኋት። ልጅ እግር ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ትንፋሽ ያጥራታል አልሁት። መቼ ጀመራት፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች ብሎ ሁሉንም ጠየቀኝና ጓንቱን እስከ ክርኑ ስቦ አጥልቆ "ላሟን ውጭ አስረሻት ነው?" ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ወዲያ ወዲህ አይቶ ሲመለስ ዘንቢሌን ገልጬ አሳየሁት። ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ያለው መድኃኒት ሁሉ የፎገራን በሬ የሚያስተኛ እንጂ ለእሷ የሚሆን እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ግን ደረቷን በጣቱ ዳስሶ፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ አድርጎ አዳመጠና ምክር ሰጠኝ። ከጭስ አርቂያት፣ ከአቧራ አርቂያት፣ መኝታዋ ንጹሕ ይሁን አለኝ።

ያንን ምክር እንደ እኔ የፈጸመ ሰው ካለ ያምጡልኝ። ጭሱን ለመሸሽ ወጥ የምሠራው ጓሮ ሆነ። መንገድ ዳር ያለውን መስኮት አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። መኝታዋንም ንጹሕ ይሁን ስለተባለ ጠዋት አዲስ ገለባ፣ ማታ አዲስ ገለባ። ከመፈልፈያው ትኩስ ትኩሱን አስመጣለሁ፣ ደቃቁን በወንፊት እነፋላታለሁ፣ ከዚያ ከፍ አድርጌ እንደ ሠርግ አበባ በላይዋ ላይ እበትነዋለሁ። እሷ ታነጥሳለች፤ እኔ ደስ ብሏት ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ እያለ ልጄ ሐሙሲት ላይ ወለደች። የሴት ልጅን የመጀመሪያ ልጅ ሄዶ አለማረስ የማይታሰብ ነው፤ ድንቡሼን ይዞ አራስ ቤት መግባት ደግሞ አማቶቿ ፊት የሚያስወጣ አይደለም። ባለቤቴ ዘንድ ልተዋት ብል "አለሽ?" ብሎ ጠይቋት መልስ ካላገኘ የሚጥላት መሰለኝ። ይህን ጊዜ ነው አስረበብ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ያወጣች።

"ምን አስጨነቀሽ አንች? ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብቱን ደጋ ላለ ዘመድ አንልክም? አየር ይለወጥላት። እኔ ጋ አምጫት።"

የእሷ ግቢ ከእኔ ግቢ የሚለየው በአንድ አጥር ነው፤ የምን ደጋ ነው? ደግሞም አስረበብ ቤት ዶሮው አልጋ ላይ፣ ፍየሉ ሊጥ ውስጥ ነው። ግን ምርጫ አልነበረኝም። ሆኖም ቲማቲሙ ትዝ ስላለኝ፣ ዝም ብዬ አልሰጣትም፣ በደንብ በውል ይሁን አልሁ። እኛ አገር ሰው ላሙን ለሌላ ሰው የርቢ ይሰጣል፤ ላሟ የባለቤቱ እንደሆነች ትቀራለች፣ አርቢው ያበላል ያጠጣል፣ ለድካሙም ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃ ሲመጣ ይካፈላሉ። ድንቡሼም የርቢ ትሁን፣ የማን እንደሆነችም በሽማግሌ ፊት ይታወቅ ብዬ ድርቅ አልሁ። ሽማግሌ የሆኑን ለጠበል ርጭት ቤታችን መጥተው የነበሩት አባ ሞላ ናቸው። ካርቶኑን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ነገሩ ይበላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

"ኧረ አይበላም አባ፣ ለማየት ብቻ ነው" አልኋቸው።

"ማየትስ አልተከለከለም" አሉ፤ "ትወልዳለች?"

"ባል የላትም አባ።"

"እንግዲያ የምትካፈሉት የለም። ወተቱንም አስረበብ ትለፈው።" ይህን ብለው በጠበሉ ድንቡሼንም ረጨት አደረጓትና ሄዱ።

ሐሙሲት ሆኜ በየዕለቱ እደውል ነበር። ደህና ናት ትለኛለች አስረበብ። ትተነፍሳለች ወይ ስላት ሁላችንም እንተነፍሳለን ትለኛለች። እንዲህ ያለ መልስ ልቤን አላሳርፈው ብሎ አንድ ቀን ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጊልኝ አልኋት። አዳመጥሁ። ባጃጁ የለም። ጭጭ ያለ፣ የተኛ ሕፃን የመሰለ ትንፋሽ ነው። መደሰት ነበረብኝ፤ ግማሽ ያህል ተደሰትሁም። በዚያው አስረበብ ስልኩን አልዘጋችውም ነበርና፣ ጫማዋን እየጎተተች ስትሄድና ስትመለስ ይሰማኛል። ከዚያ "ዊይ! ዊይ! ዊይ!" ሙሉው ፉጨት፣ ያልተቆረጠው፣ የእኔው!

"ለማን ነው የምታፏጭ?" ብዬ ጮህሁ።

"ለእኔ ነዋ። ስገባ ሁልጊዜ ነው፤ እንዲያው በራሷ።"

በራሷ! ሳላስበው ገንፎ ማማሰያውን ጥዬ ተነሣሁ። አማቶቿ ምን ሰማች ብለው ተደናገጡ። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉን ታይ ስለነበር "እማዬ፣ የወለድሁት እኮ እኔ ነኝ" አለችኝ። አፈርሁ፤ ማማሰያውንም መልሼ አነሣሁ። ያን ገንፎ ግን ስንት ጊዜ እንዳረረ ልጄ ዛሬም ለሰው ትናገራለች።

ክርስትናው እንዳለፈ ወረታ ገባሁ፤ ቤቴን ሳልከፍት በቀጥታ አስረበብ ግቢ። ድንቡሼ ማንጎው ሥር ናት። ቂጡ የወለቀ አሮጌ ቅርጫት ተደፍቶባታል፤ ሥሯ ከመስኖው ዳር የታጨደ እርጥብ ሣር አለ፤ ዶሮዎቹ በላይዋ ይመላለሳሉ። ወፍራለች። ጠጉሯ ያብረቀርቃል። ትንፋሿ አይሰማም። መጣሁልሽ ብዬ ተንበረከክሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሣሯን ማላመጧን ቀጠለች። እንግዳ ሲገባ እንደማይነሣ ሰው! አስረበብ ደግሞ ከጓዳ ጫማዋን እየጎተተች ስትወጣ ያች ከዳተኛ ቅርጫቱን በግንባሯ እየገፋች ፉጨቷን ለቀቀችው።

በዚያው ቅጽበት አቅፌ ይዣት ወጣሁ። ቤት አዲስ ገለባ፣ የተነፋ፣ የሞቀ፣ እስከ ጆሮዋ የሚደርስ አደረግሁላት። ሳምንት ሳይሞላ ባጃጁ ተነሣ። አስረበብ በአጥሩ በኩል "ኧረ እዚህ ድረስ ይሰማል" አለችኝ። መልሼ ሰጠኋት፤ ዳነች። መልሼ ወሰድኋት፤ ታመመች። ሰፈርተኛው ወሬ አገኘ። ውኃ ልንቀዳ ተሰልፈን እያለ አንዷ "እጅሽ አልተስማማትም ይሆናል" አለችኝ፤ ሌላዋ ጣራ ገዳም ወስዶ ማስጠመቅ ነበር አለች፤ ድንቡሼን ይሁን እኔን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የሚያቃጥለኝ ሕመሟ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ልጅቱ እኔ ቤት ታፍና አስረበብ ቤት የምትተነፍስ ከሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ፍቅር እዚያ አለ ማለት ነዋ! ይህን ነው መዋጥ ያቃተኝ።

ምሥጢሩን ለማወቅ አጥሩ ሥር መዋል ጀመርሁ። ልብስ አሰጣለሁ ብዬ እወጣና ያንኑ አንድ ፎጣ እያገላበጥሁ በቀዳዳው አያለሁ። ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? ምንም! አስረበብ አትዳብሳትም፣ አታናግራትም፣ ስሟን እንኳ በወጉ አትጠራም፤ "አንች" ነው የምትላት። ሣሩን ትወረውርላታለች፣ ትሄዳለች። እሷም ታፏጫለች። እንግዲያ ፍቅሩ አረማመዷ ላይ ነው ብዬ ደመደምሁ። አስረበብ ኮንጎ ጫማ ነው የምታደርግ፤ ስትሄድ ሸርተት፣ ሸርተት ይላል። እኔም ያንኑ የላስቲክ ኮንጎ ገዛሁ፤ ቀለሙም አንድ ነው። ልጅቱ እኔ ጋ በነበረች ጊዜ እግሬን እየጎተትሁ በካርቶኑ ዙሪያ ሸርተት፣ ሸርተት ስል ዋልሁ። ድንቡሼ እያቃሰተች በትዝብት አየችኝ። ባለቤቴ በአዘኔታ የጉልበት ቅባት ገዝቶልኝ መጣ፤ በትዳራችን ውስጥ ሳልጠይቀው የገዛልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲያልቅብኝ ክሱን ለአባ ሞላ አቀረብሁ። ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ፣ ድንቡሼ የርቢ እንጂ የስጦታ አለመሆኗን፣ አስረበብ ግን ልቧን እንደወሰደችብኝ፣ ፉጨቱ ለእኔ ይገባ እንደነበር ነገርኋቸው። አስረበብም በአጋጣሚ ከኋላዬ ነበረች፤ ሰምታ ቀረበች። አባ ዘንጋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻ አዳመጡኝ።

"ልጄ፣ የርቢ ላም ወተቷ የማን ነው?" አሉኝ።

"የአርቢው ነው አባ።"

"ይች ፍጥረት ወተት አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያ ወተቷ ፉጨቷ ነው። ለአስረበብ ተፈርዷል።"

አስረበብ መስቀላቸውን ስማ እየሳቀች ሄደች። እኔም ተሳለምሁ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ "አለሽ?" ሲለኝ እንጃ አልሁት።

ቅናት ሰውን ሰነፍ ያደርገዋል የሚል ካለ አላየኝም። በማግሥቱ ማልጄ ተነሥቼ ወደ መፈልፈያው ሄድሁ። ከዚያ ተራራ ውስጥ ደቃቁን፣ ወርቅ የመሰለውን ገለባ መርጬ አንድ ጆንያ ሞላሁ፤ ቤት አምጥቼ በወንፊት ነፋሁት። ድንቡሼ ያን ሰሞን ማዶ ነበረችና፣ ለአስረበብ ላበረክት ነው። አዎ፣ ለአስረበብ! ፉጨቱ ለእሷ ከተፈረደላት የድንቡሼ መኝታ የእኔ ይሁን፤ ሌሊቱን ሁሉ የእኔን ስጦታ እያሸተተች ትደር፤ አንድ ቀን ልቧ ይመለሳል አልሁ። ደግሞም ሰው ሲያይ፣ ያን የተንጣለለ መኝታ ማን አነጠፈላት ሲል፣ የማን መልስ ይሰማል? አስረበብ ጆንያውን አይታ ደስ አላት። ዝናቡም ጀምሮ ስለነበር ሣር ማጨድ ታክቷታል፤ ድንቡሼንም ከማንጎው ሥር አንሥታ ጓዳ አስገብታታለች። ጆንያውን አጋድማ ያለ ስስት ዘረገፈችው፤ ጓዳው ለአፍታ ጉም ለበሰ።

ከቀናት በኋላ ፎጣዬን እያገላበጥሁ ሳለ ከአጥሩ ማዶ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ዳገት የሚወጣ ባጃጅ። ፎጣውን ይዤ ደርቄ ቆምሁ። እግዜር ይይልኝና፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እሷ ዘንድም ታመመች! እጄ አይደለም! ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ኮንጎዬን እየጎተትሁ ግቢዬን ሁለቴ ዞርሁት።

አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። አስረበብ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድንቡሼን ደረቷ ላይ ይዛት። ድንቡሼ ራሷን ቀና አድርጋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። እስከዚያ ዕለት የአስረበብን ዓይን እንባ ሲሞላው አይቼ አላውቅም። እሷ ሁሉ ነገር በራሱ የሚሆንላት ሴት፣ በሬ ላይ ቆማ ድንቡሼን ወደ እኔ ዘርግታለች።

"ውሰጃት" አለችኝ። "በእጄ እንዳትሞት። ምን እንዳደረግኋት አላውቅም፤ አንች ያመጣሽውን እንኳ አንጥፌላት ነው እቴ።"

ተቀበልኋት። በመዳፌ ላይ ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። አፍንጫዋን ላብስላት ብል ጣቴ ነጭ ሆነ። ጺሟ ነጭ ነው፤ የቅንድቧ ሥር ነጭ ነው፤ እንደ እኛ ሁሉ። እፍ አልሁባት፤ ብናኙ ተነሣ፤ ተንጠራርታ አነጠሰች። ካርቶኔን አየሁት፣ እስከ ጠርዙ ገለባ። የአስረበብን ነጠላ አየሁት፣ ነጭ ብናኝ። ከጭስ አርቂያት፣ ከአቧራ አርቂያት... የአገሬ አየር!

ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር። ዝም ብዬ ተቀብያት በሩን ብዘጋ፣ ገለባውን ጓሮ ደፍቼ ሣር ባነጥፍላት፣ ትድናለች። ሰፈሩም አስረበብ አሳመመቻት፣ ጎረቤቷ አዳነቻት ይላል። አባ ሞላ እንኳ ፍርዳቸውን ይገለብጡ ነበር። እድሜ ልኬን የተመኘሁት ድል እጄ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጧል። አስረበብ ግን ከደጃፌ አልሄደችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የድንቡሼን ጎን ታያለች፤ ሲነፋ አብራ ትነፋለች፣ ሲሸበሸብ አብራ ትሸበሸባለች። ያንን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

"አንች አይደለሽም" አልኋት። "ገለባው ነው።"

"የቱ ገለባ?"

"የእኔ ገለባ።"

አየችኝ። ካርቶኑን አየች። ጣቴን አየች። ነጠላዋን ከአፏ ቀስ ብላ አወረደች።

"እንግዲያ ቀንተሽ ባትልኪልኝ ኖሮ ሳታውቂው ልትገድያት ነበር በይኛ" አለችና፣ እንባዋ ሳይደርቅ ያን ሳቋን ለቀቀችው። እኔም እያፈርሁ ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ካርቶኑን ይዘን ጓሮ ወጣን፤ ገለባውን ነፋስ በሌለበት ቀበርነው፤ አስረበብ በዚያ ዝናብ ተመልሳ ሣር አጭዳ መጣች። ድንቡሼን በእርጥብ ጨርቅ አብሰን እፍኝ ሣር ላይ አስተኛናት። ከዚያ አስረበብ እጇን አጣጠበችና፣ "የርቢው ውል እዚህ ላይ አለቀ፤ ያንች ናት" ብላኝ ወጣች። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም። ምንም አለመኖሩ ነው የከፋኝ።

ድንቡሼ ለመዳን ጊዜ ወሰደባት። ባጃጁ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እየራቀ፣ እየራቀ፣ የጎንደርን መንገድ ይዞ እንደሚሄድ ሆኖ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የገለባ ዘር አላስቀረሁም፤ ባለቤቴን እንኳ ከገበያ ሲመለስ ደጅ ላይ አራግፌ ነው የማስገባው። አሁን ጸጥ ብላ ትተነፍሳለች፣ ትበላለች፣ ትወፍራለች። ስገባ ግን ቀና ብላ ታየኛለች እንጂ አታፏጭም። ወጥቼ እገባለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ። ዝም። ባለቤቴ ፋኖሱን አበራልኝ።

አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ፣ በአጥሩ ማዶ ሸርተት፣ ሸርተት የሚል ተሰማ። አስረበብ ውኃ ልትቀዳ መውጣቷ ነው። ድንቡሼ ጆሮዋን አቀናች። ተነሥታ ቆመች። ከዚያ፣ እኔ ቤት ሆና፣ የእኔን ሣር በልታ፣ በተመለሰ ሙሉ ትንፋሿ "ዊይ! ዊይ! ዊይ!" አለች።

ሸርተት ሸርተቱ ቆመ። አጥሩ መሐላችን ስላለ አላየኋትም፤ ግን ጀሪካኗን ይዛ ባለችበት ቀጥ ብላ እንደቆመች አውቃለሁ። አትጣራም። ሰው የእሱ ያልሆነ ነገር ስሙን ሲጠራው ወይ ብሎ አይመልስም። ድንቡሼ ደገመች። ዓይኔ ያነባል፤ ሽንኩርቱ ነው ልበላችሁ? አሁንም ያንገበግበኛል፤ ከውስጥ ከጨጓራዬ ነው። ግን ያች ቆማ የቀረች እግር ደግሞ ከጨጓራዬ ይልቅ አንገበገበችኝ።

"አስረበብ" ብዬ ተጣራሁ፤ "በሩ ክፍት ነው፤ ግቢ። ሣር ይዘሽ ነይ፣ እጅሽን እያወዛወዝሽ እንዳትመጭ።"

መጣች። ጫማዋን እየጎተተች፣ እቅፍ ሙሉ እርጥብ ሣር ይዛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው። ድንቡሼ ካርቶኑን በእጇ ይዛ አፍንጫዋን ቀሰረች። እኔም ቢላዬን አስቀምጬ ተነሣሁና፣ ፉጨቱ ሲመጣ ለእኔም እንዲደርሰኝ፣ ትከሻዬን ከአስረበብ ትከሻ አስጠግቼ ቆምሁ።